የሐምሌ ሃያ አንድ መዝሙር

ካሳዬ ጁባ ከገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አስተናገደ፣ ቀጥሎ የመኪና ባትሪ ቻርጅ አደረገ፣ ከዚያ እግዚአብሔር በሰጠው ጆሮ ወደ ድምፅ ሥራ ገባና እዚያው ቀረ። ዛሬ ኮር ዊሊያም ሰፈር ደርሶ «የሐበሻው ሳውንድ» ብሎ የጠየቀ ሰው ሳይንከራተት ቤቱን ያገኛል። አራት ሞንታርቦ፣ አንድ ሚክሰር፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ኪቦርድ አለው። ሌላ ሀብት የለውም፣ ሌላ ሙያም የለውም። ሠርግ ይጠራል፣ ለቅሶ ይጠራል፣ የትምህርት ቤት ምረቃ ይጠራል። እሑድ እሑድ ደግሞ ድልድዩን ተሻግሮ ጉምቦ ባለው የሐበሻ ጴንጤዎች ጉባኤ ኪቦርድ ይጫወታል።

ስለዚህ ሰውዬ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ዝምታ አይችልም። የራሱን ዝምታማ ይችላል፤ ቤት ውስጥ ሚስቱ ተናኘ አንድ ቃል ከአፉ ለማውጣት ደጅ መጥናት አለባት። የማይችለው የተሰበሰበ ሰው ዝም ሲል ነው። ሰባኪው ትንፋሽ ሲወስድ፣ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ አንዲት እናት እንባዋን ስትጠርግ፣ ጣቶቹ ሳያዝዛቸው ከሥር ይይዛሉ፤ ቀስ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ከወለሉ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ። ሌላም ልማድ አለው። መዝሙር ሊያልቅ ሲል የሰው ልብ እንደተነካ ካየ አይዘጋውም፣ ወደ አዝማቹ ይመልሰዋል። ሰው እስኪጠግብ አሥር ጊዜም ቢሆን ይመልሰዋል። ፓስተር ጌታቸው «ካሳዬ ካለ ምሳችን ራት ይሆናል» እያሉ ያሾፉበታል፣ ግን አንድም ቀን አቁም ብለውት አያውቁም።

ያ እኛ 2016 የምንለው ዓመት ካሳዬን ያገኘው እንዲህ ሆኖ ነው። ዓመቱ ራሱ ቶሎ ብሎ ነው የጀመረው። ጳጉሜን ሊገባ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ቡድን ማኒላ ላይ አንጎላን አሸንፎ ለኦሎምፒክ አለፈ የሚል ዜና መጣ። ካሳዬ እስከዚያች ቀን ድረስ ቅርጫት ኳስን የረጃጅም ሰዎች የግል ጉዳይ አድርጎ ነበር የሚያየው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ገመድ ሲበይድ መንገዱ በሰው ተሞላ። ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ ነጂዎች ሞተራቸውን እንደተነሳ ትተው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ሻይ የሚሸጡ ሴቶች የብረት ድስት ክዳን እርስ በርስ እያጋጩ ወጡ። ከሁሉም ያስደነገጠው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ መንገድ ላይ በጦርነቱ ጊዜ በሆነው ነገር ምክንያት ለዓመታት ሰላም የማይባባሉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ካሳዬ ሁለቱንም ለቅሶ ቤት አገልግሏል፣ ማን ማንን እንዳጣ ያውቃል። እነዚያ ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው ይዘሉ ነበር። ካሳዬ ተኩሱን አልጋ ሥር ተኝቶ ያሳለፈ ሰው ነው፤ ይህች ከተማ እንዲህ መሆን እንደምትችል ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። ገመዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ዓመቱ በሁለት ወሬ ነው የሄደው። አንደኛው ምርጫው ነው። በታኅሣሥ ይደረጋል ይባላል፣ በሀገሪቱ ዕድሜ የመጀመሪያው ነው፤ ሞንታርቦ ሊከራይ የመጣ ሰው ሁሉ ይሆናል አይሆንም እያለ ተከራክሮ ይሄዳል። አዲሱ ዓመት በባተ በመጀመሪያው ሳምንት ለሁለት ዓመት ተገፋና ተከራካሪዎቹም አረፉ። ሁለተኛው ወሬ ቡድኑ ነው። መጋቢት ላይ ሙቀቱ ከፍቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንኳን ልጆች አመሻሹ ላይ በብረት ቀለበት ውስጥ ኳስ ሲወረውሩ ይታዩ ነበር። ጣሪያ ያለው አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ እንኳን በሀገሪቱ የለም ይባል ነበር። ካሳዬ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ሜዳ ሳይኖር ኦሎምፒክ፤ እንዲህ ያለውን ነገር እሱ በእምነት ቤት እንጂ በሌላ ቦታ ሰምቶ አያውቅም።

ወደ ነገሩ እንግባ። ጁባ ውስጥ ከአጥር ውጭ ድምፅ ለማሰማት ካሳዬ ባለበት ሰፈር የበዓል ኮሚቴው ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጁላይ መጨረሻ ይታደሳል። ወረቀት ከሌለ ሞንታርቦው ከግቢ አይወጣም፤ ሞንታርቦው ካልወጣ ካሳዬ ሥራ የለውም፤ ሥራ ከሌለው ተናኘን ይዞ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሀገሩ መግባት ነው። ወረቀቱን የሚፈርሙት የኮሚቴው ሊቀ መንበር ኡስታዝ ላዶ ናቸው። በወጣትነታቸው ጫካ ገብተው ሃያ ዓመት ተዋግተዋል፣ ከዚያ ወጥተው አስተማሪ ሆኑ፤ በጁባ ኡስታዝ የሚባለው አስተማሪ ነው። ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም። ፊታቸውም ቢሆን ብዙም አይታጠፍም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ካሳዬ ጥርሳቸውን ያየው ሲያዛጉ ብቻ ነው።

ሐምሌ ሁለት ቀን የነፃነት በዓሉ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ግቢ ተከበረ። ሀገሪቱ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ የተከበሩ እንግዳ መጥተዋል፣ ፖሊሶች ተሰልፈዋል፣ ልጆች ዩኒፎርም ለብሰዋል። የብሔራዊ መዝሙሩ ቅጂ ያለበት ፍላሽ አልከፍት አለ። ካሳዬ አልተጨነቀም፤ መዝሙሩን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየምረቃው ሰምቶታል፣ በኪቦርድ ሊጫወተው ይችላል። ኡስታዝ ላዶም ይሁን አሉ።

መጫወቱንስ አሳምሮ ተጫወተው። ያ መዝሙር ሲጀምር እግዚአብሔርን ይጠራል፣ ስለዚህ ለካሳዬ ጣት እንግዳ አይደለም። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ቀና አለና ፊት ለፊት ማማ ኪደንን አያቸው። ማማ ኪደን የቤቱ አከራይ ናቸው፣ የባሪ ጎሣ ሰው ናቸው፣ ሦስት ወንዶች ልጆች ቀብረዋል። አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። እዚህ ላይ ማንም የካቶሊክ ወይም የመንግሥት ኪቦርዲስት ቢሆን መዝሙሩን ይዘጋው ነበር። ካሳዬ ወደ መጀመሪያው መለሰው።

የተከበሩ እንግዳ ሰላምታ የሰጡበትን እጅ ግማሽ መንገድ አውርደው ነበር፤ ተመልሶ ወጣ። ፖሊሶቹም አውርደው አነሡ። ሕዝቡ ትንሽ ተደናገረና እንደገና ዘመረ። ሁለተኛው ሲያልቅ ማማ ኪደን ሁለተኛ እጃቸውንም አነሡ፣ ካሳዬ ደግሞ ዐይኑን ጨፍኖ ስለነበር የእንግዳውን ክንድ መንቀጥቀጥ የሚያይበት ዐይን አልነበረውም። ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር ኡስታዝ ላዶ እግራቸውን እየጎተቱ መጡና የኪቦርዱን ሶኬት ነቀሉት።

ግቢው ባዶ ሲሆን በጁባ ዐረብኛ፣ ሳይጮኹ ነው የተናገሩት። ሐበሻ ሆይ፣ ቀለድክብን አሉ። ካሳዬ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው አልቀለድኩም፣ በእኛ ቤት ሰው ልቡ ሲነካ እንዲህ ነው የሚደረገው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ማስረዳቱ ይበልጥ አበላሸው።

«መዝሙሩ አንድ ጊዜ ነው» አሉ ኡስታዝ ላዶ። «ሰው የሞተለት ነገር ነው። ይጣፍጣል ተብሎ አይደገምም።»

ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ጁላይ ሲያልቅ ኮሚቴው ያየዋል፣ እስከዚያ ከግቢህ ውጭ ድምፅህ እንዳይሰማ አሉት። ካሳዬ ዕቃውን በራክሻ ጭኖ ወደ ቤት ሄደ። በጁባ ይህችን ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ራክሻ ነው የሚሏት፣ ያን ቀን ደግሞ የሬሳ መኪና መሰለችው።

ተናኘ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። የተከበሩትን እንግዳ ክንድ ስታስበው ሳቋን መያዝ አቃታት። ወዲያው ደግሞ ተቆጣች።

«በሰው ሀገር መዝሙር ላይ ምን ልሁን ብለህ ነው?» አለችው። «ያንተ ነው እንዴ?»

ካሳዬ ገመዶቹን መጠቅለል ጀመረ። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀውም፤ ሲተኛም ሲነሣም አብሮት ነበር። የኔ አይደለም፣ እውነቷን ነው። ታዲያ ስጫወተው መዝጋት ለምን ያቅተኛል? ማማ ኪደን ጉዳዩን ሰምተው ነጠላ ጫማቸውን ተጫምተው ኡስታዝ ላዶ ዘንድ ሄዱ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሱ የኔን እንባ አይቶ ነው ብለው ለመኑለት። ኡስታዝ ላዶ ግን ማማ፣ እንባሽን አከብራለሁ፣ ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው ብለው መለሷቸው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ካሳዬ ካርቶን ፈልጎ አመጣ። ተናኘ ካርቶኖቹን አየችና ገለበጠቻቸው፣ በላያቸው ላይ ልብስ አጥፋ ደረደረች።

ሐምሌ አሥራ ሦስት ቡድኑ ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ገጠመ። ካሳዬ ማማ ኪደን ቤት ሆኖ አየ። አሜሪካ የላከችው የዓለምን ትልልቅ ተጫዋቾች ነው፣ አንዱ ብቻውን አንድ ሀገር የሚያህል። የደቡብ ሱዳን ልጆች በአሥራ ስድስት ነጥብ መሩ። አንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑ የተሳሳተ ነው ብሎ ቁጥሩን ቀረብ ብሎ አየ። በመጨረሻ በአንድ ነጥብ ብቻ ተሸነፉ፣ መቶ አንድ ለመቶ። በሰፈሩ ግን የተሸነፈ ሰው አልታየም። ከየቤቱ እየወጡ መቶ፣ መቶ ይባባሉ ነበር። ማማ ኪደን ልጆቹን በማያ ገጹ ላይ አንድ በአንድ እየዳሰሱ፣ እናቶቻቸው ማን ማን እንደሆኑ ባወቅሁ አሉ። ካሳዬ እነዚያን ልጆች አያቸው። አብዛኞቹ በስደት ያደጉ ናቸው፣ ካምፕ የተወለደም አለበት። ትንሽ ሀገር በትልቅ ፊት እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲቆም ማየት አስፈራው፣ ደስ የሚል ፍርሃት ነው፤ በአምልኮ ሰዓት የሚመጣበት ዓይነት።

የኦሎምፒኩ የመጀመሪያ ጨዋታ እሑድ ሐምሌ ሃያ አንድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር፤ ፈረንሳይ ውስጥ ከፖርቶ ሪኮ ጋር። ሐሙስ ቀን ኡስታዝ ላዶ ካሳዬ በር ላይ ቆሙ። ኮሚቴው ንያኩሮን አካባቢ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ተክሏል፤ ድምፅ ሊያመጣ የነበረው ሰው ግን ማሽኑ ዝናብ ገብቶበት ተቃጥሏል። ሌላ ቦታ ሁሉ ጠይቀው ስላጡ እንደመጡ ፊታቸው ላይ ተጽፏል። ካሳዬ እሺ ለማለት አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሡ።

«የቴሌቪዥኑን ድምፅ ታወጣለህ፣ ሌላ ምንም። ጣትህን ኪቦርዱ ላይ ካየሁ ወረቀት የለም። በደንብ ከሠራህ ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት እኔው ስላንተ እናገራለሁ።»

ካሳዬ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ተናኘ ከውስጥ ሆና ሰምታለች፤ ያን ዕለት ማታ ልብሶቹን ከላያቸው አንሥታ ካርቶኖቹን ጓዳ ከተተቻቸው።

እሑድ ጉምቦ ያለው ጉባኤ በጠዋት ተጀመረ፣ ወጣቶቹ ጨዋታው እንዳያመልጣቸው ፓስተር ጌታቸው ሰዓቱን አስቀድመውላቸው ነበር። ካሳዬ ተጫውቶ ሲጨርስ ኪቦርዱን ከሌላው ዕቃ ጋር በራክሻ ጭኖ ድልድዩን ተሻገረ፣ በትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች መካከል እየተሽሎከለከ ንያኩሮን ደረሰ። ሜዳው ከአጥር እስከ አጥር ሰው ነው። ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ፕላስቲክ ወንበር ይዘዋል፣ ልጆች ዛፍ ላይ ናቸው፣ ከኋላ ያሉት መኪና ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ያልለበሰ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ካሳዬ ሞንታርቦዎቹን ተከለ። እሱ ድምፅ ሲፈትሽ እንደ ሌሎቹ «ሄሎ፣ ሄሎ» አይልም፤ በኪቦርድ አንድ ረጅም ወፍራም ድምፅ ይለቅና ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል። ኡስታዝ ላዶ ገና ስላልመጡ እንዲሁ አደረገና ኪቦርዱን በጨርቅ ሸፈነው። ሶኬቱን መንቀል ረሳ።

ኡስታዝ ላዶ መጡ፣ ከፊት ረድፍ ጫፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ኪቦርዱ በጨርቅ መሸፈኑን አይተው ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ሰዓቱ ደረሰ። በስክሪኑ ላይ ልጆቹ ወጥተው ተሰለፉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሜዳው ላይ ያለው ሕዝብም ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ኡስታዝ ላዶ የማይታጠፈው እግራቸው ይዟቸው ገና አልተነሡም። ካሳዬ ይህችን ደቂቃ ከሐሙስ ጀምሮ ሲጠብቃት ነበር። መዝሙሩ በዓለም ሕዝብ ፊት ሲሰማ ከሱ ሞንታርቦ ነው የሚወጣው። የድምፁን ማንሻ ወደ ላይ ገፋው፣ እስከ መጨረሻው ገፋው።

የወጣው ሌላ መዝሙር ነው።

ካሳዬ ዜማውን አያውቀውም። የሚያውቀው አለመሆኑን ብቻ ነው ያወቀው። ወጣቶቹም አያውቁትም፣ እርስ በርስ ተያዩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ግን ከመጀመሪያዎቹ ድምፆች ለዩት፤ የሱዳን ነበር። በጦርነት ተለይተው የወጡት መንግሥት መዝሙር፣ በአራቱ የካሳዬ ሞንታርቦ፣ ሙሉ ድምፅ፣ ጁባ መሃል ላይ ይጮኻል። አንድ ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ካሳዬ ዞረ።

እንዴት አይዞር? ሐምሌ ሁለት መዝሙራቸውን ያበላሸው ሐበሻ እሱ ነው። ሐበሻው ደግሞ አበላሸው የሚል ድምፅ ከመሃል ሰማ። ልጁም አዋቂውም እያየው ነው። ካሳዬ ሚክሰሩን አየ፣ ገመዱን አየ፣ እውነትም እኔ እሆን እንዴ ብሎ የገዛ እጁን አየ። ኡስታዝ ላዶ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል። እጃቸው ግንባራቸው ላይ ነው፣ በወታደር ሰላምታ ደርቀዋል፣ ዐይናቸው ካሳዬ ላይ ተተክሏል። እንዲህ ያለ ፊት በሰው ላይ አይቶ አያውቅም። አለቀልኝ አለ በሆዱ።

በስክሪኑ ላይ ያሉት ልጆች እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ግራ ተጋብተው ቀና ቀና አሉ። ከስታዲየሙ የሰው ጩኸት ተነሣ፣ የተቃውሞ ጩኸት። መዝሙሩ በመሃል ተቆረጠ። ያን ጊዜ ነው ሰው የገባው፤ ስሕተቱ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ሰዎች ዐይናቸውን ከካሳዬ ላይ አነሡ። እዚያ ማዶ ሳይሆን አይቀርም እንደኔ ያለ አንድ ምስኪን የተሳሳተ ቁልፍ ነክቶ ላብ ያጠምቀዋል ብሎ አሰበ።

ሜዳው ዝም አለ። ዝምታ ማለት ይህ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ዛፍ ላይ ያሉት ልጆች ሳይቀሩ፣ ምንም አይልም። ቁጣ አልነበረም፤ ካሳዬ ቁጣን ያውቃል፣ ቁጣ ድምፅ አለው። ይህ ኀፍረት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ስማችን እንዲህ ነው ስትል ኖረህ በዓለም ፊት በድሮ ጌታህ ስም ስትጠራ የሚመጣ ኀፍረት። በስክሪኑ ላይ ልጆቹ እንደተሰለፉ ይጠብቃሉ፣ አንድ ደቂቃ ሄደ። ማማ ኪደን ከሽማግሌዎቹ መካከል ሆነው ሻርፓቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀዋል።

ካሳዬ ጨርቁን መቼ እንደገለጠው አያስታውስም። ጣቶቹ ከሥር ይዘው ነበር። የራሱ ጆሮ እንኳን መጀመሪያ አልሰማውም፤ ቀስ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ዜማ ከመሆኑ በፊት ያለ ድምፅ። ከዚያ ወደ መዝሙሩ ገባ፣ ወደ ትክክለኛው። አሁን ያለ ምንም ጥርጥር እያወቀ ነው የሚያደርገው። ወረቀቱንም አስታወሰ፣ ካርቶኖቹንም አስታወሰ፣ የኡስታዝ ላዶ ዐይን እንዳልተነቀለም አየ። ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ቆሞ እሱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አልቻለም።

ማማ ኪደን ናቸው ቀድመው የያዙት። የእንግሊዝኛውን ቃል አያውቁትም፣ ዜማውን ብቻ በአፍንጫቸው። ቀጥሎ አጠገባቸው ያለችው ሴት፣ ቀጥሎ ረድፉ፣ ቀጥሎ ከኋላ የመኪና ጣሪያ ላይ ያሉት ወጣቶች በሙሉ ድምፅ ገቡ። ካሳዬ አጥብቆ አልተጫወተም፣ ከሥር ብቻ ያዘላቸው፤ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። በሕይወቱ ብዙ ሺህ ሰው ሲዘምር ሰምቷል፣ ኮንፈረንስ አገልግሏል። እንዲህ ያለ ግን አልሰማም። አንድ ሕዝብ ስሙን ለራሱ ሲነግረው ነው የሰማው። የተቀደሰ ቦታ ላይ በጫማ የቆመ መሰለው።

መጨረሻው ደረሰ። ሰው ያለቅሳል፣ እጆች ወደ ላይ ናቸው፣ የካሳዬ ጣት ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ዝግጁ ነው። አንድ ጊዜ ነው ተብሏል። ሁለቱንም እጁን አነሣና ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። ከዚህ የከበደ ነገር ሠርቶ አያውቅም።

ይሄኔ ከፈረንሳይ ትክክለኛው መዝሙር ጀመረ። ካሳዬ የድምፁን ማንሻ ገፋው። ሕዝቡ ሳይጠራ እንደገና ገባ፣ በስክሪኑ ላይ ያሉት ልጆችም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታየ፣ የስታዲየሙም ሰው ያጨበጭብ ነበር። ካሳዬ ያን ሁሉ ድምፅ በአራት ሞንታርቦ ውስጥ ተሸክሞ ቆመና እሱም ዘመረ። 

ጨዋታው ዘጠና ለሰባ ዘጠኝ አለቀ፤ ደቡብ ሱዳን አሸነፈች። በኦሎምፒክ ቅርጫት ኳስ የመጀመሪያ ድሏ ነው። የሜዳው ጭፈራ በቃል የሚነገር አይደለም። ካሳዬ ግን ዐይኑ የፊት ረድፍ ጫፍ ላይ ነበር። የኡስታዝ ላዶ ወንበር ባዶ ነው። መዝሙሩ እንዳለቀ ጨዋታውን ሳያዩ ሄደዋል አሉት። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈልጋል፤ ዕቃውን ጭኖ፣ እየጨፈሩ ራክሻውን በሚደበድቡ ወጣቶች መካከል አልፎ ቤቱ ገባ። ለተናኘ ሁሉንም ነገራት። ሳትቆጣ ሰማችው። ሲጨርስ ተነሥታ ካርቶኖቹን ከጓዳ አወጣች፣ አንዱን ለሱ አቀበለችው።

ዝናቡ ሲጀምር ሞንታርቦዎቹን እየጠቀለሉ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ኡስታዝ ላዶ ናቸው፣ በእግራቸው፣ ጃንጥላ የላቸውም፣ ያ የማይታጠፍ እግራቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ተናኘ ወንበር ሳበችላቸው። ከሸሚዛቸው ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ተፈርሞበታል። ካሳዬ ወረቀቱን ሳይነካው ይቅርታ ሊጠይቅ ጀመረ፣ ስለ ጣቴ ያሉኝን አልጠበቅሁም አለ። ማሌሽ፣ ተወው አሉት፣ ስማኝ።

«ስድስት ዓመቴ ነበር ያንን መዝሙር ሲያስተምሩኝ። የሱዳኑን። በዱላ ነው ያስተማሩኝ፤ ሲጀምር ቀጥ ብለን ካልቆምን እግራችንን ይገርፉን ነበር። ዛሬ የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ፣ ምን እንደሆነ ጆሮዬ ሳይለየው፣ ተነሥቼ ቆሜ እጄን ግንባሬ ላይ አገኘሁት። ሃያ ዓመት የተዋጋሁት እኔ። ላወርደው ብል እንቢ አለኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ካሳዬ ቀረብ አለ።

«ማንም አላየኝም። ሁሉም አንተን ነበር የሚያየው፣ አንተ ደግሞ የምቆጣህ መስሎህ ታየኛለህ። እኔ ይህን እጅ ምን ላድርገው እያልኩ ነበር። ከዚያ አንተ ከሥር ጀመርክ።» ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው አዩት። «መዝሙሩ የኛ ሆነ። እጄ እዚያው ግንባሬ ላይ ነበር። ማውረድ አላስፈለገኝም።»

ተናኘ ዐረብኛው ስላልገባት ምን አሉ ብላ በአማርኛ ጠየቀችው። ካሳዬ ተነሥቶ የጠቀለለውን ሞንታርቦ መፍታት ጀመረ።